ዋጋ ያልተጻፈለት ሀብት

በአማርኛችን «ዋጋ» የሚለው ቃል ሦስት ሥራ ይሠራል። ገበያ የወጣ ሰው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚከፈለውን ገንዘብ ማለቱ ነው። «የድካምህን ዋጋ አታጣም» ሲባል ግን የሚመለሰውን ብድራት ማለት ነው። «ዋጋ ከፍሎበታል» ስንል ደግሞ ሰውዬው ከራሱ ጎድሎበት፣ መከራም ተቀብሎበት ያገኘው ነገር መሆኑን እንረዳለን። ደን፣ ሐይቅና ረግረግ የሚሰጡትን ጥቅም በገንዘብ ገምቶ በመንግሥት መዝገብ ማስገባት ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ክርክር ውስጥ ብዙው አለመግባባት የሚነሣው፣ ለእኛ እንደሚመስለን፣ አንዱ ተከራካሪ የመጀመሪያውን ትርጉም፣ ሌላው ሦስተኛውን ይዞ ስለሚናገር ነው።

ነገሩ ከሩቅ የመጣ ፍልስፍና አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚገኝ ጉዳይ ነው። አንድ ባለ ገንዘብ መሬት ሲጠይቅ፣ ስንት ሄክታር እንደሚፈልግ፣ ስንት ብር እንደሚያወጣበት፣ ስንት ሰው እንደሚቀጥርበት፣ መንግሥትም ምን ያህል ግብር እንደሚያገኝበት በየዓምዱ ተለይቶ ይጻፋል። ከእነዚህ ማመልከቻዎች አንዱን የማንበብ ዕድል ገጥሞን ነበር። የተጠየቀው መሬት ጨፌ ነው። ከገጾቹ በአንደኛው ላይ፣ መሬቱ አሁን ስለሚሰጠው ጥቅም በሚጠይቀው ዓምድ፣ «ባዶ መሬት» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ተጽፈው አየን። ሌሎቹ ዓምዶች ሁሉ በአኃዝ ተሞልተዋል።

ጨፌ ባዶ ነው ያለው ማን ነው? በክረምት የወረደውን ውኃ እንደ ሰፍነግ መጥጦ ይዞ፣ በበጋ ቀስ እያለ ለምንጩና ለወንዙ የሚለቅ እርሱ ነው። ከዳገቱ የታጠበውን አፈር ወደ ወንዝ ሳይደርስ የሚያስቀር እርሱ ነው። የተራራው ሣር በሚያርበት በየካቲትና በመጋቢት ከብቱ የሚተርፈው በእርሱ ነው። የጎጆ ክዳን፣ የሰሌን ማበጃ፣ በጣና ዳር ደግሞ ለታንኳ የሚሆነው ደንገል የሚገኘው ከእንዲህ ያለው ስፍራ ነው። በዓውደ ዓመት ዋዜማ በየገበያው የሚቀርበው ቄጠማም የሚታጨደው ከዚያው ነው። እንግዲህ ልብ ብለን ብናይ፣ ጨፌው ከሚሰጠው በረከት ሁሉ በገበያ ላይ ዋጋ የሚጠራለት ይህ አንድ እስር ቄጠማ ነው ማለት ይቻላል። ቀሪው፣ ይልቁንም ትልቁ፣ ሻጭም ገዥም ስለሌለው ዋጋ አልወጣለትም። በሒሳብ ጊዜም ያልተጻፈ ነገር ይታለፋል እንጂ ዜሮ ተብሎ አይቆጠርም የሚል ካለ ተሳስቶአል፤ ሁለት ሐሳብ ተመዝኖ ከሁለቱ አንዱ በሚመረጥበት ጊዜ ያልተጻፈው ዜሮ ነው።

ይህ ዜሮ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የሐረማያን ሐይቅ ማስታወስ ይበቃል።

በቀድሞ አጠራሩ አለማያ የሚባለው ይህ ሐይቅ በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ላይ ከሐረር ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ለብዙ ዓመታት የሐረር፣ የአወዳይና የሐረማያ ሕዝብ ሲጠጣው ኖረ። በዳርቻው ያሉት ገበሬዎችም ጫታቸውን፣ ድንቻቸውንና ሽንኩርታቸውን አጠጡበት። በዙሪያው ያሉት ተራሮች ደናቸው ሲመነጠር አፈራቸው እየታጠበ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ወለሉ ከፍ እያለ ጥልቀቱም እያነሰ ሄደ። በዚያ ላይ የውኃ መሳቢያ ሞተር መጣ፤ መጀመሪያ ጥቂት፣ ኋላም ብዙ። የከተማውም ሕዝብ በየዓመቱ ይጨምር ነበርና የሚቀዳው ውኃ አብሮት ጨመረ። ሐይቁን ላድርቀው ብሎ የተነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ገበሬው የነዳጁን ዋጋ ያሰላ ነበር፤ ከተማው የቧንቧውንና የማጣሪያውን ዋጋ ያሰላ ነበር፤ የራሱን የውኃውን ዋጋ የሚያሰላ ግን አልነበረም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ሲባል እንሰማ ነበር፤ ይህኛው እያሳሳቀ የተወሰደ ውኃ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. ግድም የሐይቁ ወለል ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ተገኘ።

ሐይቁ እየደከመ መሄዱ በታወቀ ጊዜ ለሐረር ውኃ ከድሬዳዋ ቆላ እንዲመጣላት ተወሰነ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስትገኝ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው ተራራ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ስለዚህ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ረጅም ቧንቧ ተዘርግቶ፣ የመግፊያ ሞተሮች ተተክለው፣ ቁልቁል መውረድ ልማዱ የሆነው ውኃ በኤሌክትሪክ ኃይል ዳገት ይወጣ ዘንድ ግድ ሆነ። ገንዘቡም በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ነበረ። ወጪው በግንባታው ብቻ አያበቃም፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ይከፈልበታል።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት «የምትክ ወጪ» የሚሉት ይህንን ነው። ተፈጥሮ በነጻ ትሠራው የነበረውን ሥራ ሰው በገንዘቡ ሊሠራው ቢነሣ ስንት ያወጣበታል ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ የሐይቁ ሙሉ ዋጋ አይደለም። ዓሣው፣ ወፉ፣ የአየሩ እርጥበት፣ በሐይቁ ዳር ያደገ ልጅ በልቡ ይዞት የሚኖረው ነገር በዚህ ሒሳብ አይገቡም። ነገር ግን ሐይቁ ቢያንስ ይህን ያህል ይሠራልን ነበረ ለማለት ያስችላል። ያ አኃዝ ሐይቁ ሳይደርቅ በፊት፣ ተራሮቹን በእርከንና በዛፍ ለመሸፈን ስንት ይፈጃል ከሚለው አኃዝ አጠገብ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ውሳኔው ሌላ በሆነ ነበር ብለን እናምናለን።

ከሁሉም የሚያስገርመን ግን የአገር ገቢ የሚቆጠርበት ሥርዓት ነው። ሐይቁ በሕይወት ሳለ ለሰውና ለከብት የሚሰጠው ውኃ፣ በሽያጭ ካልተመነዘረ በቀር፣ በአገር ገቢ ውስጥ አንድ ብር ሆኖ አይገባም ነበር። ሲደርቅ ግን ለቧንቧው የተከፈለው፣ ለቁፋሮው የተከፈለው፣ በመኪና ተጭኖ ለተሸጠው ውኃ የተከፈለው ሁሉ የአገር ምርት ተብሎ ይደመራል። በዚህ ሥርዓት ሕያው ሐይቅ ምንም ነው፤ የሞተ ሐይቅ ግን የዕድገት ምክንያት ነው። ይህን ለተማሪዎች የሚያስተምር መምህር ፈገግ ሳይል ማስረዳት የሚችል አይመስለንም። እውነቱን ለመናገር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተራሮቹን ለመጠበቅ በተደረገው ሥራና በዝናሙ ርዳታ ሐይቁ ውኃ መልሶ መያዝ ጀምሮአል፤ ይህም ያስደስታል። ለጠፋው ጊዜና ለወጣው ገንዘብ ግን መልስ አይሆንም።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ይህን አሳብ ይቃወማሉ። የመጀመሪያው ዓይነት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቱንም አላይ» የሚለው ነው። «ፋብሪካው ግብር ይከፍላል፤ ጨፌው የሚከፍለው ምንድን ነው?» ይላል። ለእርሱ የሐረማያ ነገር መልስ ይሆነው ይመስለናል፤ ወተቱን ያላየው በየቀኑ ስለሚጠጣው ነውና። ሁለተኛው ዓይነት ግን ክብር የሚገባው ሰው ነው። «የእግዚአብሔርን ፍጥረት በብር መገመት ድፍረት ነው፤ አባቶቻችን ደን ሲጠብቁ ዋጋውን አስልተው አይደለም» ይላል። በየደብሩና በየገዳሙ ዙሪያ የቆመውን ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ያየ ሁሉ ይህ አነጋገር እውነት እንዳለበት ያውቃል። በደቡብ ጎንደር ሜዳ ላይ እርሻው ሁሉ ዛፍ አልባ ሆኖ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ብቻ እንደ ደሴት ቀርቶ የሚታየው ማንም ዋጋ ስለ ጻፈለት አይደለም። እንዲያውም ዋጋ ስላልተባለለት ነው የቀረው። ይህን አንክድም። ነገር ግን ከቅጥሩ ውጭ ያለውን መሬት ያ ክብር አልጠበቀውም፤ እኛም የምንናገረው ከቅጥሩ ውጭ ስላለው ነው።

ደግሞም አባቶች ከቶ አላሰሉም ማለት ልክ አይሆንም። ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባን ከቆረቆሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዙሪያው ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ አለቀ። የከተማው ማገዶ ከሩቅ መምጣት በጀመረ ጊዜ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ቤተ መንግሥት ማሠራት እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። የዛፍ እጦት ዋና ከተማ ሊያስነሣ ምን ቀረው? ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በማደጉ ከተማው ባለበት ጸና፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ በፈንታው ምንጭ ያደርቃል እየተባለ ዛሬ የሚከሰሰው ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ፤ የዋጋ ነገር ሥልጣኑም ድካሙም አብሮ የሚታይበት ስፍራ ነውና። ቡና በዱር የበቀለባቸው የደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን፣ ከፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ተብለው ተመዝግበዋል። እነዚህ ደኖች ለምን ይጠቅማሉ ለሚል ሰው የምንነግረው አንድ እውነተኛ ነገር አለ። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ አገራችን ገብቶ የቡናውን እሸት በዛፉ ላይ እያጠቆረ ያረግፍ ጀመር። ኬሚካል መርጨቱ ለድኻ ገበሬ የሚቻል አልነበረም። የጅማ የምርምር ባለሙያዎች በሽታው በጠናበት አገር እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠቁር እርሱ ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ ይፈልጉ ጀመር። በኢሉባቦር፣ በመቱ አካባቢም አገኙት። 74110፣ 74112፣ 74148 እየተባሉ የሚጠሩት የቡና ዝርያዎች የተገኙት በዚህ ዓይነት ነው፤ በፊታቸው ያለው 74 ቁጥር የተመረጡበት የ1974 እ.ኤ.አ. ምልክት ነው። ስንቱ ገበሬ እነዚህን ቁጥሮች በየአካባቢው አጠራር እየጠራ፣ ከየት እንደ መጡ ሳያውቅ፣ ችግኛቸውን ተክሎ ልጆቹን አስተምሮአል!

ሃይንና ጋትስቫይለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያ ደጋ ደኖች ውስጥ ያለው የቡና ዘር ሀብት ለዓለም ቡና ማሻሻያ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለመገመት ሞከሩ። በሽታን የሚቋቋም፣ ካፌኑ ያነሰ፣ ምርቱ የበዛ ቡና ለማዳቀል ቢውል የሚያስገኘውን ጥቅም አሰሉ። የደረሱበትም አኃዝ 1,458 ሚሊዮን ዶላር ነው። ወይም 420 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሁለቱም ከአንድ ጥናት የወጡ ናቸው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው በ5 በመቶ፣ ሁለተኛው በ10 በመቶ የቅናሽ ሒሳብ መሠራቱ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ ብዙ ባለሥልጣን ይህን መስመር ሳያነብ ያልፈዋልና። የቅናሽ ሒሳብ ማለት ወደፊት የሚገኘው ገንዘብ ዛሬ ስንት ይቆጠራል ማለት ነው። ከ30 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር በ5 በመቶ ሲሰላ ዛሬ 23 ብር ያህል ይሆናል፤ በ10 በመቶ ሲሰላ ግን 6 ብር እንኳ አይሞላም። ዘንድሮ የተወለደ ሕፃን 30 ዓመት ሲሞላው የሚያገኘው የደን ጥቅም በአንደኛው ሚዛን ሩብ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ በሁለተኛው ሚዛን ግን ከንቱ ሊሆን ምንም አይቀረው። በሕፃኑና በእኛ መካከል ያለውን ፍርድ የሚሰጠው ይህች አንዲት አኃዝ ናት። መቶኛውንም የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ስለ ደን አስቦ የማያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ዋጋ ይጻፍ ስንል፣ በየትኛው ሚዛን እንደ ተመዘነም አብሮ ይጻፍ እንላለን። የዓለም ተፈጥሮ በዓመት የሚሰጠው አገልግሎት 33 ትሪሊዮን ዶላር ያወጣል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1997 የተነገረውን ዝነኛ አኃዝ ግን እኛ ብዙም አንወደውም፤ ምድርን በሙሉ የሚገዛ ማን አለና! የሚጠቅመው ይህ ጨፌ ቢጠፋ ምን ይጎድላል፣ ያኛው ደን ቢቀር ምን ይገኛል የሚለው ነው።

አኃዝ ብቻውን ዘበኛ እንደማይሆንም ማወቅ ደግ ነው። በካምፓላ ከተማ የናኪቩቦ ረግረግ ከከተማው የሚወርደውን ቆሻሻ ውኃ አጣርቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያሳልፍ ነበር፤ ከተማው የሚጠጣውን የሚቀዳውም ከዚያው ከሐይቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ረግረጉ የሚሠራው የማጣራት ሥራ በዓመት ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.75 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል አለ። ጥናቱ በባለሥልጣኖች ዘንድ ተሰማ፤ በብዙ አገርም ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ሆኖም ረግረጉ በእርሻና በግንባታ ከመወረር አልዳነም። የሚወርረው ሰው ከጥናቱ የሚያገኘው ነገር አልነበረውማ!

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ዋጋው ስንት ነው የሚለው ሳይሆን ማን ለማን ይክፈል የሚለው ሆኖ እናገኘዋለን። የኒው ዮርክ ከተማ ይህን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1997 መለሰችው። የመጠጥ ውኃዋ የሚመጣበት የካትስኪል ተራራ አገር እየቆሸሸ በሄደ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል የተባለ የማጣሪያ ጣቢያ ከመሥራት፣ ከ1 እስከ 1.5 ቢሊዮን የሚገመት ገንዘብ በተራራው ላይ ለማዋል መረጠች። መሬት ገዛች፤ ገበሬዎች የከብታቸውን አዛባ ከወንዝ እንዲያርቁ ረዳቻቸው፤ የመንደሮቹንም የቆሻሻ ማጣሪያ አሠራች። የታች ሰው ለላይ ሰው ከፈለ ማለት ነው። በዚህ ላይ ልብ የሚባለው ገንዘቡ በበጎ አድራጎት ሳይሆን በግዥ መልክ መሰጠቱ ነው።

በአገራችንም ሙከራው አለ። በወላይታ፣ በሁምቦ፣ ተራቁቶ የነበረ 2,728 ሄክታር ተራራ ከከብትና ከመጥረቢያ ተጠብቆ፣ ከጉቶውና ከሥሩ እያቆጠቆጠ እንደ ገና ደን ሆነ። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጠበቁት። እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም ከሚይዘው ካርቦን እስከ 2017 ድረስ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። ማኅበራቱ በገንዘቡ ወፍጮና የእህል መጋዘን የመሳሰለውን አቋቋሙበት። ሥራው የሚመሰገን ነው። ግን አንድ ነገር እንታዘብ። የተከፈለው በዓለም ዙሪያ ላሉ ሰዎች ሁሉ ለሚጠቅመው ለካርቦኑ ነው። ጎርፉ በመቀነሱ እርሻው የዳነለት፣ ምንጩ የጎለበተለት የግርጌው ጎረቤት የሚከፍልበት መንገድ በውሉ ውስጥ የለም። ዋሽንግተን ያለ ባንክ የቆጠረውን እኛ በወረዳችን አልቆጠርነውም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የተባበሩት መንግሥታት የስታትስቲክስ ኮሚሽን አገሮች ደናቸውንና ውኃቸውን በመዝገብ የሚይዙበትን ሥርዓት አጸደቀ። በዚያ ሥርዓት የሄክታሩና የሜትር ኩቡ አቆጣጠር ዓለም አቀፍ ደረጃ ሲባል፣ የገንዘቡ ግምት ግን ገና መርሕና ምክር ተብሎ ብቻ ተቀመጠ። ይህን ልዩነት እኛ ብልህነት እንለዋለን። መጀመሪያ መቁጠር ነው፤ ብሩ በኋላ ይመጣል። ውኃው በበጋ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚወርድ ያልታወቀ ምንጭ በዶላር ቢገመት የሚያምን አይኖርም።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ መምህራንና ተማሪዎች መሆናቸውን እናውቃለን፤ ስለዚህ አንድ ሥራ እናመልክት። በትምህርት ቤታችሁ አቅራቢያ ካለው ምንጭ ወይም ጨፌ በአንድ ቀን ስንት ጀሪካን እንደሚቀዳ፣ ስንት ከብት እንደሚጠጣ፣ ምንጩ ቢደርቅ እናቶች ወደ ሁለተኛው ምንጭ ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ ተማሪዎች ተራ ገብተው ይመዝግቡ። የአንድ ሰዓት ጉልበት በዚያ አገር የቀን ሙያተኛ በሚከፈለው ሒሳብ ይባዛ። የሚገኘውን አኃዝ ከነአሠራሩ ለወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይላኩት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ማመልከቻ «ባዶ መሬት» ሲል አጠገቡ የሚቀመጥ ወረቀት ይኖራል። ቆጠራው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢደረግ መልካም ነው፤ ከሁለቱ ግን ምንጩ በሚያንስበት በመጋቢት የሚደረገው አይቅር።